ሆዱ ሞልቷል… ግን በልቷል ወይ?

ይህ ገጽ ብዙውን ጊዜ የፍቅር፣ የትዳርና የኩርፊያ ገጽ መሆኑን ታውቃላችሁ። ዛሬ ከዚያው ከትዳር ሳንርቅ ወደ ማዕድ ቤት ጎራ እንላለን። «እኛ ገና ወጣቶች ነን፣ ማዕድ ቤት ምን አገባን?» እንዳትሉኝ ብቻ። መርካቶ ውስጥ ስንቱ የሃያ ሦስትና የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነው ልጁን ይዞ ሱቅ የሚከፍተው? ልጅ የሌላችሁም ብትሆኑ ታናሽ ወንድም ወይ የእህት ልጅ አይጠፋም። «እስቲ ይሄን ልጅ አንድ ነገር ግዙለትና ዝም አሰኙት» ተብላችሁ የማታውቁ እጃችሁን አውጡ!

የዛሬው ጉዳያችን እሷው «ዝም ማሰኛ» ነች።

መርካቶን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጧት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሱቁ ይከፈታል፣ ዕቃው በረንዳ ላይ ይደረደራል፣ ተሸካሚው «ዞር በሉ!» እያለ ሰውን ይሰነጥቃል። በዚህ መሐል ካርቶን ላይ የተቀመጠ ልጅ አለ። ልጁ ሲያለቅስ ብስኩት ይገዛለታል። አሁንም ሲያለቅስ ከረሜላ። ፀሐይዋ ስትበረታ ለስላሳ። ደንበኛ ሲበዛና እናት ፋታ ስታጣ በላስቲክ የታሸገ ቺፕስ። ማታ ቤት ሲገባ ልጁ ምግብ ዘግቶታል። «ምን ሆኖ ነው?» ይባላል። ምን ይሆናል? ቀኑን ሙሉ ሲበላ ውሎ ሳይበላ ገባ እንጂ!

«የጠየቀውን ሁሉ እገዛለታለሁ»

ቦምብ ተራ አካባቢ የቤት ዕቃ የሚሸጡ፣ የማውቃቸው ባልና ሚስት አሉ። ሁለቱም ገና ሠላሳ አልሞላቸውም። አራት ዓመት የሆነው ወንድ ልጃቸው ጉንጩ ሞላ ያለ፣ ለዓይን ደስ የሚል ልጅ ነው። ሆኖም ከጊዜ በኋላ ልጁ መሮጥ ተወ። እንደ እኩዮቹ ከመሯሯጥ ይልቅ ዕቃ ላይ ተደግፎ መቀመጥ አበዛ። ትንሽ ሲጫወት ይደክመዋል። አንዳንዴማ የግድግዳ አፈር እየፋቀ ወደ አፉ ሲያደርግ ይገኛል። አያቱ «ዓይን ነው» አሉ። ጎረቤት «ኮሶ ነው» አለ።

በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ነርሷ የልጁን መዳፍና የዓይኑን ቆብ ውስጡን ገልጣ አየች፣ ደም ተመረመረ፤ ውጤቱ ደም ማነስ ሆነ። አባት ተቆጣ! «ደም ማነስማ የድሃ በሽታ ነው። እኔ ልጄን አስርቤ አላውቅም፤ የጠየቀውን ሁሉ እገዛለታለሁ» አለ።

እውነቱን ነው እኮ። ልጁ ተርቦ አያውቅም። ነርሷ «እስቲ ትናንት የበላውን ቁጠሩልኝ» ስትል ግን ነገሩ ወጣ። ጧት ዳቦ በሻይ። ረፋድ ላይ ብስኩት። ቀትር ላይ ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳና ቺፕስ። ከሰዓት በኋላ ቦንቦሊኖ። ማታ ነጭ ፓስታ በዘይት፣ ከዚያ እንደገና ሻይ። ምስር የለ፣ እንቁላል የለ፣ ጎመን የለ፣ ፍራፍሬ የለ። የስንዴ ዱቄት፣ ስኳርና ዘይት መልካቸውን እየቀያየሩ ስድስት ጊዜ ቀረቡ ማለት ነው። ሆድ ሞላ፤ ደም ግን ከየት ይምጣ?

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ዛሬ ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይቺን ያዙ፦ ሆድ መሙላትና መመገብ ለየቅል ናቸው።

ቁጥሩ ምን ይላል?

«ያ የአንድ ልጅ ነገር ነው» የሚል ካለ ትንሽ ቁጥር እንይ። በ2008 ዓ.ም በመላ አገሪቱ በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ድረስ ካሉ ሕፃናት 57 በመቶው ደም ማነስ ተገኝቶባቸዋል። አዲስ አበባችንስ? ሱቅ ሞልቶ በተረፈባት ከተማ እንኳ ግማሽ ያህሉ ሕፃናት ደም አንሷቸው ነበር።

ሌላው መቀንጨር የሚሉት ነው። ልጅ ለዕድሜው ከሚገባው ቁመት በታች ሲቀር ማለት ነው። በ1992 ዓ.ም ከ100 የኢትዮጵያ ሕፃናት 58ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም ወደ 38፣ በ2011 ዓ.ም ደግሞ ወደ 37 ወርዷል። አዲስ አበባ በ2008ቱ ጥናት 15 ነበረች። ከሌላው ክልል ትሻላለች፤ ይሁንና ከ100 ልጅ 15 ልጅ ቀላል ነው እንዴ?

«አጭር ቢሆንስ? አባቱም አጭር ነው» የሚል ቀልደኛ አይጠፋም። ነገሩ የቁመት ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም እስቅ ነበር። ቁመት የሚታየው ምልክት ነው፤ የማይታየው አንጎል ነው። በሕፃንነቱ የተጎዳ ልጅ በሽታ ይደጋግመዋል፣ ትምህርት ይከብደዋል፣ ክፍል ይደግማል። በአፍሪካ ኅብረት፣ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንና በዓለም ምግብ ፕሮግራም ትብብር የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነው ጥናት፣ የሕፃናት የምግብ እጥረት ኢትዮጵያን በዓመት 55.5 ቢሊዮን ብር እንደሚያስከፍላት አስልቷል። ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 16.5 በመቶ መሆኑ ነው። በዚያው ጥናት መሠረት ከአዋቂዎቻችን 67 በመቶው በልጅነታቸው የቀነጨሩ ነበሩ። እኔና እናንተም እዚያ ውስጥ አለንበት ማለት ነው።

መንግሥትም ነገሩን አይቶ በሐምሌ 2007 ዓ.ም የሰቆጣ ቃል ኪዳን የተባለውን አወጀ። ሰቆጣ የድርቅና የረሃብን ጊዜ የምታስታውስ የዋግ ኽምራ ከተማ ነች። ቃሉ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 በአገሪቱ የሕፃናትን የምግብ እጥረት ማስወገድ ነው። ይሁን እንጂ ቃል ኪዳኑ የሰቆጣን ስም ቢይዝም ማንኪያው ያለው በእኛ እጅ ነው።

ሻይ በዳቦ… የማይጠረጠረው ወዳጅ

አሁን ደፍሬ ብዙ ሰው የሚያኮርፍበትን ነገር ልናገር። ለሕፃን ልጅ ሻይ ቁርስ አይደለም!

ሻይ ውስጥ ታኒን የሚባል ነገር አለ። ታኒን በምግብ ውስጥ ያለውን ብረት ይይዘውና ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋል። ቡናም ያው ነው። ብረት ካልገባ ደም አይሠራም። ስለዚህ ልጁ ምስር በልቶ ላዩ ላይ ሻይ ቢጠጣ በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መንጠቅ ይሆናል። ለአዋቂም ቢሆን፣ በተለይ ለነፍሰ ጡር ሴት፣ ሻይና ቡናን ከምግብ ቢያንስ አንድ ሰዓት ማራቅ ጥሩ ነው። ለትንሽ ልጅ ደግሞ ጨርሶ ቢቀር ምንም አይጎድልበት።

በተቃራኒው ብረትን የሚያግዝ ወዳጅ አለ፤ ቫይታሚን ሲ ይባላል። ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ቲማቲምና ፓፓያ ውስጥ ይገኛል። ምስር ወጡ ከእሳት ከወረደ በኋላ ጥቂት ሎሚ ጠብ ማድረግ፣ ወይም ከጎኑ ጥሬ ቲማቲም ከትፎ ማቅረብ ለሰውነት ትልቅ ነገር ነው። ሎሚው ከሻዩ ወጥቶ ወደ ወጡ ይግባ ነው የምለው!

«እሺ፣ ጧት ምን ይብላ?» ካላችሁ፣ ዳቦው ይቅርና አላልኩም። ዳቦው ብቻውን አይምጣ ነው ያልኩት። እንቁላል ይጨመርበት፣ ወይም የለውዝ ቅቤ ይቀባ፣ ወይም አቮካዶ ይለቅለቅበት። መጠጡ ወተት ከተገኘ ወተት፣ ካልተገኘ የፈላ ቀዝቃዛ ውሃ። የማታው ሽሮ ተርፎ ከሆነም ፍርፍሩ ከሻይ በዳቦ በብዙ ይበልጣል። የትናንት ወጥ ሲሰጥ ግን በደንብ ይፍላ።

ለስላሳውን በማንኪያ እንቁጠረው

አንድ 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ለስላሳ ከ30 ግራም በላይ ስኳር ይይዛል። በሻይ ማንኪያ ሲለካ ሰባት ስምንት ማንኪያ ነው። አንድ ሰው ለልጃችሁ ሻይ አፍልቶ ስምንት ማንኪያ ስኳር ቢጨምርበት «አብደሃል?» አትሉትም? ቀዝቅዞ በጠርሙስ ሲመጣ ግን ከፍለን እናጠጣለን።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ የሚጨመር ስኳር ከቀን ምግባችን ጉልበት ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ከ5 በመቶም እንዲያንስ መክሯል። አምስት በመቶው ለአንድ አዋቂ ሰው 25 ግራም ገደማ፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። እንግዲህ አንዷ ጠርሙስ የአዋቂውን ድርሻ አልፋ ሄደች። ልጅማ ሆዱ ትንሽ ነው። ያቺን ትንሽ ሆድ ስኳር ከያዛት ምስሩ የት ይግባ? ጥርሱስ?

የበዓል ቀን አንድ ብርጭቆ ቢቀምስ ማንም አይሞትም። ችግሩ በየቀኑ «ዝም ማሰኛ» ሲሆን ነው። ልጁም ብልጥ ነው፤ ማልቀስ ለስላሳ እንደሚያመጣ አንዴ ካወቀ ነገም ያለቅሳል።

ሀብት ላይ ተቀምጠን

እኔን የሚያስቆጨኝ ይሄ ሁሉ የሚሆነው መርካቶ ውስጥ መሆኑ ነው! መርካቶ በጣልያን ወረራ ዘመን ገበያው ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ወዲህ ከመጣ ጀምሮ አገር የሚመገብበት ቦታ ነው። ከጎጃም፣ ከአርሲ፣ ከጉራጌ፣ ከሐረር የተነሣ እህልና ቅመም የሚራገፈው እዚህ ነው። እህል በረንዳ ብትወርዱ ምስሩ፣ ሽምብራው፣ አተሩ፣ ባቄላው፣ ገብሱ፣ አጃው በየጆንያው አፉን ከፍቶ ይጠብቃችኋል። ልጁ ግን ከጆንያው አጠገብ ካርቶን ላይ ተቀምጦ ብስኩት ይቆረጥማል። «አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ይባል የለ? እኛ አባይ ዳር ቁጭ ብለን የታሸገ ውሃ እንገዛለን።

አያቶቻችን ይሄን ያውቁ ነበር። ምጥን የሚባለውን አስቡት፤ እህልና ጥራጥሬ ተመጣጥኖ የሚፈጭ። ለምን ተመጣጠነ? ስንዴው፣ ገብሱና አጃው የሚጎድላቸውን የፕሮቲን ዓይነት ሽምብራውና ባቄላው ይሞላሉ፤ የጥራጥሬውን ጉድለት ደግሞ እህሉ ይሞላል። ሁለቱ ሲጋቡ ሥጋ ለማይገዛ ቤት ሥጋን ይተካሉ። ከትዳር አልወጣንም ብያችሁ የለ?

ጉራጌዎችም ቆጮን ለብቻው አያቀርቡትም። ቆጮ ጉልበት ይሰጣል እንጂ ፕሮቲኑ አነስተኛ ነው። ከጎመንና ከአይብ ጋር ሲቀርብ ግን ሰሃኑ ሙሉ ይሆናል። ይህን ያስተማራቸው ዶክተር አልነበረም። ዛሬ የልጅ ልጃቸው ሱቅ ደጃፍ ላይ ቺፕስ ይዞ ቢያዩ ምን ይሉ ይሆን?

ሳይንሱም ቢሆን ከዚሁ ነው የተነሣው። እ.ኤ.አ. በ1962 በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር አዲስ አበባ ውስጥ የሕፃናት ምግብ ክፍል ተቋቋመ፤ በ1968 የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። ከዚያ ነው ብዙዎቻችን በማንኪያ የተጎረስነው ፋፋ የወጣው። ስንዴ፣ ጥራጥሬና የወተት ዱቄት፣ ቫይታሚን ተጨምሮበት። የአያቶቻችን ምጥን ፋብሪካ ገብቶ ወጣ ማለት ነው። ስሙን እንኳ ልብ በሉ፤ ልጁ «ፋፋ» እንዲባል ነው።

ምጥኑ እንዴት ይዘጋጅ?

ከ6 ወር በላይ ለሆነ ልጅ ገንፎ የሚሆን ምጥን ቤት ውስጥ መሥራት ከባድ አይደለም።

1. ሦስት እጅ እህል ያዙ፤ ስንዴ፣ ገብስ፣ አጃ ወይም በቆሎ ቀላቅሉ። አንድ እጅ ጥራጥሬ ጨምሩ፤ ሽምብራ፣ አተር ወይም ባቄላ።

2. ለቅማችሁ እጠቡት። ጥራጥሬውን ዘፍዝፋችሁ ብታሳድሩት፣ ከቻላችሁም ጫፉ ብቅ እስኪል ብታበቅሉትና ብታደርቁት የተሻለ ነው። እንዲህ ሲደረግ ብረትና ዚንክን አስሮ የሚይዘው ነገር ይቀንሳል።

3. ቆሉት፣ ከክታችሁ ገለባውን አውጡ፣ አስፈጩ። ሻጋታ ያየ እህል ርካሽ ነው ተብሎ አይገዛ! ሻጋታው ቢታጠብም መርዙ አይለቅም። በደረቅና ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት።

4. ገንፎው ሲሠራ ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ፣ የተፈጨ ካሮት፣ ዱባ ወይም በደንብ የተከተፈ ጎመን ይግባበት። ሲወርድ እንቁላል ተቀቅሎ ተፈርፍሮ ይጨመር።

አንድ ነገር አደራ፦ ገንፎው ከማንኪያ ላይ እንደ ውሃ አይፍሰስ። ብዙ እናቶች እንዲዋጥለት ብለው አጥሚቱን ያቀጥኑታል። ልጁ ውሃ ጠጥቶ ይጠግባል፤ ጉልበቱ ግን የለም። ማንኪያውን ዘንበል ስታደርጉት ቶሎ የማይወርድ ይሁን።

ጨውስ? አዮዲን ያለው ጨው ይሁን። አገራችን በ2003 ዓ.ም ባወጣችው ደንብ የምግብ ጨው አዮዲን እንዲኖረው ግዴታ ሆኗል። አዮዲን ዕንቅርትን ብቻ አይደለም የሚከላከል፤ ለሕፃኑ አንጎልም የግድ ነው። ጨውን ፀሐይ ላይ አፉን ከፍቶ ማስቀመጥ ግን አዮዲኑን ያባክነዋል። ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ አድርጉት፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩት። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ምግቡ ውስጥ ጨው አያስፈልግም፤ ማርም አይሰጥ።

እናት ሱቅ፣ ልጅ ቤት

«አንድ ሺህ ቀን» የሚባል ነገር ሰምታችሁ ይሆናል። ከፅንስ 270 ቀን፣ ከተወለደ በኋላ ሁለት ዓመት ማለት 730 ቀን፤ ድምሩ 1000። የልጅ አካልና አንጎል መሠረት የሚጣለው በዚህ ጊዜ ነው። መሠረቱ ከተበላሸ በኋላ ጣሪያ ማሳመር ከባድ ነው።

እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃል፤ ውሃም ቅቤም አያስፈልግ። እንገሩ አይፈሰስ፤ የልጁ የመጀመሪያ ክትባት በሉት። ከ6 ወር በኋላ ምግብ ይጀመራል፣ ጡቱም እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ይቀጥላል።

ለመናገር ቀላል ነው። በ2011 ዓ.ም የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለተቀጠረች እናት የ120 ቀን የወሊድ ፈቃድ ሰጥቷታል። የራሷን መደብ የምትጠብቅ፣ አንድ ቀን ብትቀር ደንበኛዋ ጎረቤት ሱቅ የሚገባባት የመርካቶ እናትስ? እሷን ማን ፈቃድ ይሰጣታል? እዚህ ላይ ነው ባል፣ እህት፣ ወንድም የሚያስፈልጉት። ልጁን ሱቅ ድረስ አምጥቶ ማጥባት ይቻላል። ወይም እናት እጇን ታጥባ ወተቷን በንጹሕ ኩባያ አልባ ከድና ትተው፤ ፍሪጅ ባይኖርም እስከ 4 ሰዓት ይቆያል። ሲሰጥ በስኒና በማንኪያ ይሁን እንጂ በጡጦ ባይሆን ይመረጣል። ጡጦ ውስጡ በደንብ አይታጠብም፤ ተቅማጥ ይዞ ይመጣል። ተቅማጥ ደግሞ የተበላውን ሁሉ ይዞት ይወጣል።

ይቺ የእጅ ነገር ሳትረሳ! ቀኑን ሙሉ ብር ስንቆጥር ውለን በዚያው እጃችን ልጅ እናጎርሳለን። አንድ ብር በስንት ሰው እጅ አልፎ እንደመጣ እናንተው ገምቱት። ከጉርሻ በፊት ሳሙና!

ጾም ሲገባ

መቼም ይሄ ነገር በየቤቱ አለ። ቤተሰቡ ጾመኛ ነው። በቤተ ክርስቲያን ልማድ ከ7 ዓመት በታች ያለ ሕፃን አይጾምም፤ የታመመም ይፈቀድለታል። ግን ቤቱ ውስጥ እንቁላል የሚጠብስ የለም። ለምን? «ዕቃው ይነካካል» ይባላል። በዓመት ውስጥ የአብዛኛው ምእመን የጾም ቀን 180 ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ልጁ ሳይታወቅ ግማሹን ዓመት ከአዋቂ ጋር ጾመ ማለት ነው!

መፍትሔው ቀላል ነው። ለልጁ የራሱ ትንሽ ድስት፣ የራሱ ሰሃን፣ የራሱ ማንኪያ ይገዛ። መርካቶ ውስጥ ድስት ጠፍቶ አያውቅም! የእናንተ ጾም አልተነካም፣ ልጁም ወተቱንና እንቁላሉን አላጣም። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ብትሆን ብቻዋን ከምትጨነቅ የንስሐ አባቷን ታማክር።

ሙስሊም ወገኖቻችን ቤትም በረመዳን ልጆች አይጾሙም፤ ቀን ላይ ምድጃው ስለማይነድ ግን ምሳቸው ብስኩት ይሆናል። ለሱሁር ከተሠራው ላይ የልጁ ድርሻ ለቀን ቢቀመጥለት ነገሩ አለቀ። ሲሰጥ ግን በደንብ ይሙቅ።

ማን ቀድሞ ይበላል?

ይቺ ለእናንተ ለወንዶቹ ነች። በብዙ ቤት እንቁላሉ ለአባወራ፣ ሥጋው ለአባወራ፣ የተረፈው መረቅ ለልጆች ነው። የአባወራ ክብር ከእንቁላል ጋር የተያያዘው መቼ ነው? አዋቂ ሰው አድጎ ጨርሷል፤ ልጁ ነው እያደገ ያለው። አንድ እንቁላል ብቻ ካለ ለትንሹ ይሰጥ። እውነተኛ አባወራ ያን ጊዜ ይታያል።

እህቶችም፣ የልጁ ወጥ በርበሬ ከመግባቱ በፊት ቀድሞ ይቀዳለት። ስለ በርበሬው ማቃጠል ብቻ «ልጄ ወጥ አይወድም» ተብሎ ፓስታ የተፈረደበት ልጅ ብዙ ነው።

እስቲ ለአንድ ሳምንት

ረጅም ምክር አልወድም፤ እናንተም አትወዱም። ይቺን ለአንድ ሳምንት ሞክሯት። ለብስኩት፣ ለከረሜላ፣ ለቺፕስና ለለስላሳ የምታወጡትን ብር በየቀኑ አንድ ቆርቆሮ ውስጥ ክተቱት። ቅዳሜ ክፈቱና ቁጠሩት። ከዚያ በዚያ ብር ስንት እንቁላል፣ ስንት ኪሎ ምስር፣ ስንት ሙዝ እንደሚገዛ እዚያው መርካቶ ጠይቁ። እኔ ዋጋ አልነግራችሁም፤ የመርካቶ ዋጋ ይህ ጋዜጣ ታትሞ እስኪወጣ ይለወጣል። ቆጥራችሁ ስትጨርሱ ግን ሳይገርማችሁ አይቀርም።

ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ ደግሞ የልጁ ቀን እንዲህ ቢመስልስ?

ጧት፦ ዳቦ በእንቁላል ወይም የሽሮ ፍርፍር፤ ወተት ወይም ውሃ።

ረፋድ፦ አንድ ሙዝ፣ ወይም በሶ በውሃ ተበጥብጦ። ቆሎና ለውዝ ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ እንዳለ አይሰጥ፤ ትን ብሎ ያንቃል። ለትልልቆቹ ግን ከቺፕስ የሚበልጥ መክሰስ ነው።

ምሳ፦ እንጀራ በምስር፣ ጎመን ወይም ካሮት ከጎኑ፣ ሎሚ ጠብ ተደርጎበት። ለተማሪው በምሳ ዕቃ ይያዝለት። በ2012 ዓ.ም አዲስ አበባ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ማብላት ስትጀምር ብዙ ወላጅ እፎይ ብሏል። ያም ቢሆን ቅዳሜና እሑድ፣ ክረምትም የእኛው ነው።

መክሰስ፦ ብርቱካን፣ ፓፓያ፣ ወይም የተቀቀለ ስኳር ድንች።

እራት፦ ሽሮ ወይም ክክ፣ አትክልት፤ ሲገኝ ጥቂት ሥጋ ወይም አይብ።

ለትንንሾቹ፣ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ላሉት፣ ባለሙያዎች ስምንት የምግብ ምድብ ቆጥረው በቀን ቢያንስ አምስቱ እንዲገኙ ይመክራሉ። እነሱም፦ የእናት ጡት፤ እህልና ሥራ ሥር፤ ጥራጥሬና ለውዝ፤ ወተትና የወተት ውጤት፤ ሥጋና ዓሣ፤ እንቁላል፤ ቢጫና ብርቱካናማ አትክልትና ፍራፍሬ ከጥቁር አረንጓዴ ጎመን ጋር፤ ሌላ አትክልትና ፍራፍሬ። ማታ ልጁ ሲተኛ በጣታችሁ ቁጠሩ። አንድ እጅ ከሞላ በሰላም ተኙ። ሁለት ጣት ላይ ከቆመ ነገ ሌላ ነገር ይጨመር።

ልጃችሁ ዝም ካለ፣ መጫወት ከተወ፣ መዳፉ ከነጣ፣ አፈር መብላት ካበዛ ግን ምግብ ብቻ ብላችሁ አትቀመጡ። ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ደም ማነስ ከምግብ ሌላ በሆድ ትልና በሌላም በሽታ ይመጣል፤ መድኃኒቱን የሚያዘው ባለሙያው ነው። ያ የቦምብ ተራው ልጅም መድኃኒቱን ጨረሰ፣ ሻዩ ቀረበት፣ ሱቃቸው ውስጥ አሁን ከብስኩት ካርቶን ይልቅ የምሳ ዕቃ አለ። አባቱ ዛሬ የሚያማርረው «ይሄ ልጅ እግር አወጣ፣ ዕቃ ሰበረብኝ» እያለ ነው።

ዕቃ ይሰበር። ዕቃ በነጋታው ይገዛል፤ የልጅነት ሺህ ቀን ግን በየትኛውም ተራ አይሸጥም።

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ፣ ሰሃናችሁ አይጉደል። ቸር ሰንብቱ!